ይረፍ

ከፖርቶ በላይ፣ ፓሱስ ደ ፌሬይራ፣ ዝናብ በማይጠፋበት፣
አልጋና ሶፋ ከጥድ በሚወለድበት፣
መጋዝ ከደወል ቀድሞ ሰው በሚቀሰቅስበት፣
እኔ ፊሎሜና፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፣
ስፖንጅ ቆራጭ ሆንኩኝ፣ ሳትፈልግ እናቴ።

አርሚንዱ አስተማረኝ፤ ግራ እጁ ጎዶሎ፣
ትንሿን ጣቱን መጋዝ የወሰዳት «ቀብድ ነው» ብሎ።
መጀመሪያ ቀን ከማፍሊያው አቆመኝ፤
ሁለት ፈሳሽ ነገር ሲገናኝ አሳየኝ።
ዘይት የመሰለ አንዱ፣ ውኃ የመሰለ አንዱ፣
ሳይተዋወቁ ገና ተጣልተው ሲዋደዱ፣
እንደ ተጣደ ወተት፣ ያለ እሳት ገንፍለው፣
ከሰው ቁመት በላይ ቆሙ ቤት አክለው።

እጄን ስሰድ ያዘኝ። «ተይው» አለኝ፣ «ይረፍ።
ሆዱ ገና ትኩስ ነው፣ ሌሊቱ ይለፍ።
አረፋ ካላረፈ ቤት ያቃጥላል።»

በማግሥቱ ዓይኔን በጨርቅ አስሮ
ዓይነቱን በመዳፌ አስለየኝ።
«ይህ ቀላሉ ነው፤ የርካሽ ሶፋ፣ ዕድሜው ሦስት ክረምት፣
ለሠርግ የሚያምር፣ ልጅ ሲመጣ የሚሞት።
ይህኛው ግትር ነው፤ በጡጫ ብትመቺው መልሶ ይመታሻል፣
የአውቶቡስ ሾፌር ወገብ እሱን ብቻ ያምናል።
ይሄ ወንፊት ነው፤ ጉድፉን ይዞ ትንፋሹን የሚያሳልፍ፣
በዓሣ ገንዳ ውስጥ ሌሊቱን ሁሉ የማያርፍ።
ይሄ ጋራና ሸለቆ ያለው ድምፅ ይበላል፤
የጎረቤት ልጅ ከበሮ ሲማር ሰፈር ያስታርቃል።
ይሄ ደግሞ...» እጄን ጫን አድርጎ አነሣ፤
ጉድጓዱ ቆየ፤ ቀስ እያለ፣ እንደ ሽማግሌ፣ ተነሣ።
«አስታዋሽ ይሉታል። ውሸት ነው። የሚያውቀው መርሳት፤
እንደ ጨዋ ሰው ግን፣ ሳይቸኩል፣ በትዕግሥት።»

አሥራ አንድ ዓመት ቆረጥን። የቫዮሊን ማደሪያ፣
የጥርስ ሐኪም ወንበር፣ የአንገት መደገፊያ፣
ለአንድ ቀጭን ተዋናይ የሚጠለቅ ቦርጭ።
(አርሚንዱ አጥልቆት ለምሳ ቤቱ ገባ፤
ዴኦሊንዳ «ማንን ፈልገህ ነው?» አለችው።)

ከዚያ ሳንባው ደከመ። ሐኪሙ የበሽታውን ስም በላቲን ጻፈ፤
እኛ በየቀኑ እናነበው ነበር፣ በርሜሉ ላይ።

ጀርባው መቁሰል ሲጀምር ውዱን፣ አስታዋሹን ቆረጥኩለት፤
በሠራተኛው መዋጮ፣ በዝናብ፣ ተሸክሜ ሄድኩለት።
አየውና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።
«የሚያስታውስ ፍራሽ? ለማስታወስ ዴኦሊንዳ አለች፤
በሠርጋችን ማግሥት የሰበርኩትን ሳህን ሳይቀር።
ቁርጥራጩን አምጪልኝ።»

ቁርጥራጭ ማለት ከመጋዝ ሥር የሚጠረገው፣
ሰማያዊው፣ ሮዙ፣ ግራጫው አንድ ላይ ተፈጭቶ፣
በሙጫና በእንፋሎት ተጨምቆ፣
ምንጣፍ ሥር የሚነጠፈው ነው።
ከሁሉ ርካሹ፣ ከሁሉ ክብደታሙ።
«እዚያ ውስጥ ሁሉም አለ» አለኝ፣ «ሾፌሩም፣ ዓሣውም፣ ቦርጩም።
አርባ ዓመት ስቆርጥ ለሰው ያልሄደው
የእኔ ድርሻ ነው።»

ለቁስል አይሆንም አልኩት፤ አልሰማም።
ተከራከርን፣ እንደ ነጋዴ፤ በመጨረሻ ተስማማን፦
ከታች የእሱ ቁርጥራጭ፣ ከላይ የእኔ አስታዋሽ፣ አራት ጣት፣
ሙጫው ጠርዝ ጠርዙን ብቻ።

ሐሙስ ሌሊት አረፈ።
ስደርስ ወስደውታል። አንሶላው ተገፏል።
ላዩ፣ በጨዋ ደንብ፣ ረስቶት ጠብቆኛል።
ታቹን በጎን ዳበስኩት፤ አንዲት ሮዝ ፍርፋሪ ወጣ ብላለች፣
በመጀመሪያው ሳምንቴ አጣምሜ ካበላሸሁት ትራስ።
ሊሆን አይችልም። ቢሆንም ነቅዬ ኪሴ ከተትኳት።

ሰኞ አዲስ ጉብታ ከማፍሊያው ወጥቶ ቆሟል።
አዲሱ ልጅ፣ ዱዋርቴ፣ እጁን ሰደደ።
«ተወው» አልኩት፣ «ይረፍ።»
«እስከ ስንት ሰዓት?» አለኝ።
የግድግዳውን ሰዓት አየሁ፤ ቆሟል፤
ባትሪ የሚቀይረው አርሚንዱ ነበር።